የዲጂታል ቃላቱ ፋይዳ ምንድን ነው? ከጣና ዳር ሲመዘኑ

ባሕር ዳር ውስጥ ባለፉት ጥቂት ዓመታት የተሰቀሉ ማስታወቂያዎችን፣ የሥልጠና ጥሪዎችንና የመሥሪያ ቤት ዕቅዶችን የተከታተለ ሰው የተወሰኑ ቃላት ደጋግመው ይገጥሙታል፤ «ዲጂታላይዜሽን»፣ «ስማርት ሲቲ»፣ «ሱፐር አፕ»፣ «ካሽለስ»፣ «ክላውድ»፣ «ኮደር»፣ «ኤ.አይ»። ከጣና ዳር ዓሣ ሻጭ እስከ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከባጃጅ ሹፌር እስከ መስጂድ ኮሚቴ ሁሉም ይሰማቸዋል። ትርጉማቸውን ግን ሁሉም እኩል አያውቅም፤ አንዳንዴም የሚናገረው ሰው ራሱ ሲጠየቅ ይቸገራል።

ነገሩ የቋንቋ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሳነው ነበር። ነገር ግን በእነዚህ ቃላት ስም አሻራችንን እንሰጣለን፤ ብድር እንወስዳለን፤ ልጆቻችንን ለሥልጠና እንልካለን፤ የሃይማኖት ጥያቄያችንን ሳይቀር ለማሽን ማቅረብ ጀምረናል። ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው፦ እነዚህ ቃላት በኢንተርኔት ቴክኖሎጂ ላይ የሚመጣውን ለውጥ ለመረዳት ይጠቅሙናል ወይስ ይጋርዱብናል?

አንዳንዶች «ባዶ ቃላት ናቸው» ብለው ይጥሏቸዋል። በዚህ አንስማማም። ቃል የተበታተነን ነገር ይሰበስባል። ለውሃና ለመብራት መክፈል፣ ለተማሪ ልጅ ገንዘብ መላክ፣ የሞባይል ካርድ መሙላት የተለያዩ ጉዳዮች ነበሩ፤ «የሞባይል ገንዘብ» የሚለው ስም ግን ሁሉንም በአንድ ጠቅልሎ ሰው እንዲነጋገርባቸው አደረገ። ቃል በጀትና ትኩረትም ይስባል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቃል የገባን ወገን ለመጠየቅ መነሻ ይሆናል፤ «ዲጂታል አገልግሎት እንሰጣለን» ያለን ተቋም «እንግዲያው ለምን አሁንም ሦስት ጊዜ ያመላልሳችኋል?» ማለት ይቻላል። ችግሩ የሚጀምረው ቃሉ ለጥያቄው መነሻ መሆኑ ቀርቶ መልስ ሆኖ ሲቀርብ ነው።

ስሙን የሚያወጣው ማን ነው?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ሕዝባችን። የእነዚህን ቃላት ስም ግን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ሻጭ ነው። «ዌብ 2.0» የሚለውን እንውሰድ። ቃሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1999 ዳርሲ ዲኑቺ በጻፈችው ጽሑፍ ሲሆን፣ በዓለም የተሰራጨው ግን እ.ኤ.አ. በ2004 የቲም ኦሬይሊ ኩባንያ ጉባኤ ካዘጋጀበት በኋላ ነው። ሊናገር የፈለገው ነገር እውነት ነበር፤ ኢንተርኔት ጥቂቶች የሚጽፉበትና ብዙዎች የሚያነቡበት ቦታ መሆኑ ቀርቶ ተጠቃሚው ራሱ ጸሐፊ፣ ፎቶ አንሺና አስተያየት ሰጪ የሚሆንበት ቦታ መሆኑን። ዛሬ ቃሉን የሚያነሳው የለም ማለት ይቻላል። ለውጡ ግን በፌስቡክ፣ በዩቲዩብና በቴሌግራም በየኪሳችን አለ።

ተቃራኒውም አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ፌስቡክን የሚያስተዳድረው ኩባንያ ስሙን «ሜታ» ብሎ ቀየረ። መጪው ዘመን የ«ሜታቨርስ» ነው ተባለ። ቃሉ የተወሰደው ኒል ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1992 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ የኩባንያው ዋና ወሬ ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዞረ። የመጀመሪያው ቃል ጠፍቶ ለውጡ ቀረ፤ የሁለተኛው ለውጥ ሳይደርስ ቃሉ ቀዘቀዘ። እንግዲህ የአንድ ቃል ጩኸት የለውጡ ሚዛን አይደለም ማለት ነው። እንዲያውም ቴክኖሎጂ በእርግጥ ሕይወት ውስጥ ሲገባ ትልቁ ስሙ ይረሳና ተራ ነገር ይሆናል።

«ክላውድ» ወይም «ደመና» ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ፎቶአችንና ፋይላችን «ደመና ላይ» ነው ሲባል ሰማይ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ይመስላል። እውነታው ግን መሬት ላይ ያለ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነው። ባለቤት አለው፤ ያለበት አገር ሕግ ይመለከተዋል፤ ኪራይ ይከፈልበታል፤ ወደ እርሱ የሚወስደው መስመር ሲቋረጥም አይገኝም። መስመሩ ሲጠፋ ባለንብረቱ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንዳለው ሰው ይሆናል። ቃሉ አልዋሸም፤ ነገር ግን ማወቅ የሚገባንን ነገር ከእይታ አርቆብናል።

ከፕላዝማ እስከ ብሎክቼይን

አገራችን ለእንዲህ ያሉ ቃላት እንግዳ አይደለችም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ በመንግሥት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ሲጀመር ተማሪው የሰጠው ስም «ፕላዝማ» ነበር። ፕላዝማ የቴሌቪዥኑ መስተዋት ዓይነት ነው እንጂ የማስተማሪያ ዘዴ አይደለም። ስሙ ግን ሥርዓቱን በሙሉ ዋጠው። ውይይቱ ስለ ዕቃው ሆነና ዋናዎቹ ጥያቄዎች ወደ ኋላ ቀሩ፦ በእንግሊዝኛ በፍጥነት የሚሄደውን ትምህርት ተማሪው ይከተላል ወይ? መብራት ሲጠፋ ያመለጠውን ማን ይመልሰዋል? ክፍሉ ውስጥ የቆመው መምህር ድርሻ ምንድን ነው? በዚያ ዘመን የተማረ ሁሉ እነዚህን ጥያቄዎች ያስታውሳቸዋል።

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ደግሞ «ብሎክቼይን» መጣ። ትምህርት ሚኒስቴርና ካርዳኖ የተባለውን ሥርዓት የሚያለማው ኩባንያ የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችንና የ3,500 ትምህርት ቤቶችን መረጃ በብሎክቼይን ለመያዝ መስማማታቸው ተነገረ። መነሻው ችግር እውነተኛ ነው፤ ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ የአገር ራስ ምታት ነው። ነገር ግን ብሎክቼይን የሚሠራው አንድ ነገር ነው፦ አንዴ የተጻፈ መረጃ ሳይታወቅ እንዳይቀየር ይጠብቃል። የተጻፈው እውነት ይሁን ሐሰት አያውቅም። የተማሪው ውጤት ከመነሻው በስህተት ከገባ ስህተቱ በጥንቃቄ ተጠብቆ ይኖራል። ደግሞም መረጃውን የሚያስገባ ትምህርት ቤት ክፍት መሆን፣ መብራትና መስመርም ማግኘት አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በግጭቱ ሳቢያ በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን ለሚያውቅ ሰው የቅደም ተከተሉ ጥያቄ ግልጽ ነው።

«ማኅበራዊ ሚዲያ» ለእኛ ምን ነበር?

ሙስሊሙ ማኅበረሰብ የራሱ ተሞክሮም አለው። በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ የተነሳው «ድምፃችን ይሰማ» እንቅስቃሴ በፌስቡክ ገጹ የጁሙዓ መርሐ ግብሮችን ያስተዋውቅ ነበር። ያ ጊዜ በዓለም ዙሪያ «የማኅበራዊ ሚዲያ አብዮት» የሚባልበት ወቅት ነበርና አንዳንድ ተመልካች ነገሩን በዚሁ ስም ጠቅልሎ አለፈው። ነገር ግን በወቅቱ ኢንተርኔት ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ገጹ ላይ የወጣው ጥሪ በአጭር የጽሑፍ መልእክት፣ በስልክና በአፍ ተሸክሞ መስጂድ የሚደርሰው ሰው ነበር። ሰዎችን በሳምንት አንድ ቀን አንድ ቦታ የሚሰበስበው መረብ ከፌስቡክ በፊት ለዘመናት የኖረው ጁሙዓ ነው። «የማኅበራዊ ሚዲያ አብዮት» የሚለው ቃል መሣሪያውን አሳየ፤ ሰውንና መስጂዱን ግን ሸፈነ። ቴክኖሎጂ ብቻውን ሠራው የሚባል ነገር ሲነገረን ከሥሩ ቀድሞ የነበረ የሰው መረብ መኖሩን መፈለግ ያስፈልጋል።

ዳታ ሲጠፋ የቀሩት ቃላት

የቃላቱ እውነተኛ ፈተና ባሕር ዳር ውስጥ የታየው ኢንተርኔት ሲጠፋ ነው። ከሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ክስተት በኋላ በአገር አቀፍ ደረጃ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወራት ገደማ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተገደቡ። እገዳው በተነሳ ማግሥት፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ወቅት አንስቶ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። ቋሚ የብሮድባንድ መስመር ያላቸው ተቋማትና ሆቴሎች የተሻለ ዕድል ሲኖራቸው፣ በስልኩ ብቻ የሚገለገለው ሕዝብ ከመስመር ወጣ።

የ2015 ዓ.ም. እገዳና መቋረጥ የሆነው ሚኒስትሮች ምክር ቤት በሰኔ 2012 ዓ.ም. ያጸደቀው «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂ በሥራ ላይ እያለ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የ«5 ሚሊዮን ኮደሮች» ሥልጠና ሲጀመርም፣ በዚያው ዓመት በአብዛኞቹ ወራት የክልሉ ነዋሪ የሞባይል ዳታ አልነበረውም። ሥልጠናው ደግሞ የሚሰጠው በኢንተርኔት ነው። ሥልጠናው ይጠቅማል፤ ወጣቶቻችን ዕድሉን ባገኙ ቁጥር እንዲጠቀሙበት እንመክራለን። ጥያቄያችን ስለ ቃሉ ነው። «ኮደር» የሚለው ቃል ለጎረምሳው የሥራ ተስፋ ይሰጠዋል፤ መስመሩን፣ ኮምፒውተሩንና ቀጣሪውን ግን አይሰጠውም።

በዚያ ጊዜ ሁለት ነገሮችን አስተውለናል። የመጀመሪያው በአጭር ቁጥር የሚሠራው አገልግሎት ነው። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር በመተግበሪያም ሆነ በ*127# ይሠራል። ኢትዮ ቴሌኮም የቴሌብር ደንበኞች ከ50 ሚሊዮን በላይ መድረሳቸውን ይገልጻል። «ሱፐር አፕ» ተብሎ የሚተዋወቀው መተግበሪያ ዳታ ይፈልጋል፤ ኮከብና መሰላል ያለበት ቁጥር ግን የድምፅ አገልግሎት ባለበት ቦታ ተራ ስልክ ላይም ይሠራል። ማንም ጉባኤ ያልጠራለት፣ ማንም «አብዮት» ያላለው ያረጀ ቴክኖሎጂ ለብዙ ሰው የሚጠቅመው እርሱ ነው።

ሁለተኛው «ቪፒኤን» ነው። ይህ ቃል በ2015 ዓ.ም. እገዳ ጊዜ ኮምፒውተር ነክቶ ከማያውቅ ሰው አፍ ሳይቀር ይሰማ ነበር። ማስታወቂያ አልተሠራለትም፤ ሥልጠና አልተሰጠበትም። ሰው የተማረው ስለቸገረው ነው። ነገር ግን ግማሹን ብቻ ተማረ። ቪፒኤን እገዳ ያልፋል የሚለውን ሁሉም ሰማ፤ የምንልከውና የምንቀበለው ሁሉ በማናውቀው ኩባንያ በኩል እንደሚያልፍ፣ በነጻ የሚሰጠውም ትርፉን ከሌላ ቦታ እንደሚፈልግ የሰማው ጥቂት ነው። ስለዚህ ከችግር የተወለደ ቃል እንኳ ሙሉ ማብራሪያ ይፈልጋል።

የብድሩ ስምና የብድሩ ውል

ቃላቱ ከኪስ አልፈው ሃይማኖታችንን የሚነኩበት ቦታም አለ። በስልክ የሚሰጡ አንዳንድ ትንንሽ ብድሮች ላይ የሚጨመረው ገንዘብ «ወለድ» ሳይሆን «የአገልግሎት ክፍያ» ተብሎ ይቀርባል። «ዲጂታል ብድር»፣ «ፊንቴክ» የሚሉት ቃላት ደግሞ ነገሩን አዲስ ፍጥረት ያስመስሉታል። የፊቅህ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ መርህ አለ፤ በውል ጉዳይ የሚታየው ዓላማውና ትርጉሙ እንጂ የተነገረበት ቃልና መልኩ አይደለም የሚል። ብይኑን መስጠት የዑለማዎች ድርሻ ነው። የእኛ ድርሻ ግን ጥያቄውን በትክክል ማቅረብ ነው። «ዲጂታል ብድር ይፈቀዳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ለመላሹም ያስቸግራል። «1,000 ብር ወስጄ ከወር በኋላ ይህን ያህል ጨምሬ እመልሳለሁ፤ ከዘገየሁ ይህን ያህል ይጨመርብኛል፤ የተጨመረው በብድሩ መጠንና በጊዜው ልክ ይሰላል» ብሎ ማስረዳት ግን ዓሊሙ ነገሩን እንዲያየው ያደርጋል።

በአንጻሩ «ከወለድ ነጻ» የሚለውን ስም እንመልከት። ዘምዘም ባንክ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆኖ ሥራ ሲጀምር የያዘው ስም ቀላልና ሊመረመር የሚችል ነው። ወለድ አለበት ወይስ የለበትም? ብሎ ውሉን ከፍቶ ማየት ይቻላል። ጥሩ ቃል ማለት ይህ ነው፤ ሰው ይዞት ሊጠይቅበት የሚችል። «ዘመናዊ»፣ «ብልህ»፣ «የላቀ» የሚሉት ግን በምን ይመረመራሉ?

«አስተውሎት» ወይስ ግምት?

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት» አሁን ከሁሉ የገነነው ቃል ነው። በእንግሊዝኛ ስሙ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ወደ ሕዝብ አፍ የገባው ግን ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከተለቀቀ በኋላ ነው። የአማርኛው ትርጉም የራሱ ክብደት አለው። «አስተዋይ» የምንለው ከመናገሩ በፊት የሚያመዛዝነውን፣ ነገ የሚጠየቅበትን የሚያስበውን ሰው ነው። ማሽኑ ግን ከተማረባቸው በርካታ ጽሑፎች ተነስቶ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል በስሌት ይገምታል። ብዙ ጊዜ ትክክል ይገምታል፤ ሲሳሳትም በዚያው ልበ ሙሉ አነጋገር ነው። አማርኛ በኢንተርኔት ላይ ያለው ጽሑፍ ጥቂት በመሆኑ በቋንቋችን ሲጠየቅ ስህተቱ ይበዛል።

ይህ በእኛ ዘንድ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ማሽኑ ሲጠየቅ የሌለ ሐዲስ ሊያመጣ፣ ያልተባለን ቃል ለታወቀ ኪታብ ሊሰጥ ይችላል። የሐዲስ ዕውቀት የቆመው «ይህን ከማን ሰማህ? እርሱስ ከማን?» በሚል ጥያቄ ላይ ነው። ማሽኑ ለዚህ ጥያቄ የሚታመን የዘጋቢ ሰንሰለት የለውም። ደብዳቤ ለማርቀቅ፣ ትምህርት ለመከለስ፣ ጽሑፍ ለመተርጎም ያግዛል፤ ፈትዋ ለመጠየቂያ ግን አይሆንም። «አስተውሎት» የሚለው ስም ይህን ልዩነት እንዳያስረሳን መጠንቀቅ አለብን።

ፋይዳና ከመረቡ ውጭ ያሉት

ከአዲሶቹ ስሞች መካከል የተሳካ የምንለው «ፋይዳ» ነው። ቃሉ ከዓረብኛ የመጣ፣ በአማርኛም ጥቅም ማለት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ይህ ዲጂታል መታወቂያ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ወስዶ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጣል። የባንክ አገልግሎት ለማግኘትም እየተጠየቀ ነው። ስሙ ራሱ ቃል ኪዳን ስለሆነ ጥያቄ ይፈቅዳል፦ ፋይዳው ለማን? መረጃዬ በማን እጅ ነው? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱ ለዚህ ጥያቄ ሕጋዊ መሠረት ይሰጣል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ አሻራ ግን አይቀየርም።

«ዲጂታል አካታችነት» የሚለው ቃልም በጣና ዳር ይመዘናል። የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን በሐይቁ ዳርቻ ደንገል አጭደው ታንኳ ሲሠሩ ዘመናት አልፈዋል። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ናቸው፤ በማኅበራዊ መገለልና በመሬት ዕጦት ሲጎዱ የኖሩ ናቸው። በከተማዋ ጠርዝ የሚኖር ቤተሰብ «ተካቷል» የሚባለው ስልክ ስለያዘ ነው? ቁጥር ስለተሰጠው ነው? ወይስ የሠራውን ዕቃ በተሻለ ዋጋ ሸጦ፣ ልጁን አስተምሮ፣ መብቱን መጠየቅ ሲችል? ቃሉን በእነርሱ ኑሮ ካልለካነው ሪፖርት ማሳመሪያ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አራት ጥያቄዎች

አዲስ የቴክኖሎጂ ቃል ሲመጣ አንባቢዎቻችን እነዚህን እንዲጠይቁ እንጋብዛለን።

አንደኛ፦ ማን፣ ለማን፣ ምን ያደርጋል? «አገልግሎቱ ዲጂታላይዝ ተደርጓል» ከማለት «ማመልከቻውን በስልክ ትልካለህ፤ መልሱ በአምስት ቀን ይደርስሃል» ይሻላል። በዚህ መልክ ሊነገር ያልቻለ ነገር ገና አልተሠራም።

ሁለተኛ፦ ቃሉን ብናነሳው ምን ይጎድላል? «ስማርት» የሚለውን አውጥተን መንገዱ፣ መብራቱና ውሃው ከትናንት ተሻሽሎ ከተገኘ ሥራው እውነት ነው።

ሦስተኛ፦ መብራት ወይም መስመር ሲቋረጥ ምን ይሆናል? በባሕር ዳር ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም፤ የቅርብ ትዝታ ነው። ጥሬ ገንዘብ፣ የወረቀት መዝገብና አጭር ቁጥር ጨርሶ ከመተዋቸው በፊት ሊታሰብበት ይገባል።

አራተኛ፦ መረጃውን የሚይዘው ማን ነው? ብንጎዳስ አቤት የምንለው የት ነው? ለዚህ ጥያቄ ሌላ አዲስ ቃል መልስ ሆኖ ከመጣ «በቅሎ አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ» የሚባለው ነው።

እነዚህ ጥያቄዎች ለመንግሥትና ለኩባንያዎች ብቻ አይደሉም። በመስጂዶቻችን፣ በመድረሳዎቻችንና በጀመዓዎቻችንም «ዲጂታል ዳዕዋ» የሚለው ቃል እየተለመደ ነው። ካሜራ መግዛትና ገጽ መክፈት መልካም ነው። ግን ማን ያስተምራል? የተላለፈው ትምህርት በማን ይመረመራል? የጠየቀ ሰው መልስ ያገኛል? የእናቶች ቂርኣትስ በዚህ ይጠናከራል ወይስ ይዳከማል? ለእነዚህ መልስ ያለው ጀመዓ ቃሉን ቢጠቀምም ባይጠቀምም ሥራው ይታያል። መልስ ሳይኖረው ሌላው ስላደረገው ብቻ የሚገባበት ግን «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ዋኝታ» እንዳይሆንበት ያሰጋል።

ቃላቱ ይቀጥላሉ፤ የዛሬዎቹ ሲያረጁ ሌሎች ይተካሉ። ልንከለክላቸው አንችልም፤ አያስፈልግምም። በእጃችን ያለው ቃሉን የሚያመጣውን ወገን «ይህ በተግባር ምን ማለት ነው?» ብሎ በጨዋነት መጠየቅ፣ መልሱንም በመንደራችን፣ በመድረሳችንና በገበያችን ላይ መመዘን ነው። ይህን ስናደርግ ቃሉም ፋይዳ ይኖረዋል።